የጨረቃ ቤቶችና የሁለቱ የቲሞች መሬት



በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ መስጊዶች ሲፈርሱ የሙስሊሙ ልብ እንዴት እንደቆሰለ አትረሱትም። ግንቦት 18 እና ግንቦት 25 ቀን በታላቁ አንዋር መስጊድ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሕዝቡ ድምፁን አሰማ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። አላህ (ሱ.ወ.) ለሞቱት ይዘንላቸው። ስለ መስጊዶቹ ብዙ ተብሏል፣ መባሉም ተገቢ ነበር።

ይሁን እንጂ እነዚያ መስጊዶች ሜዳ ላይ ብቻቸውን የቆሙ አልነበሩም። በዙሪያቸው መንደር ነበረ። በመንደሩ ውስጥ አዛን ሰምቶ የሚመጣ ጀማዓ ነበረ። ያ ጀማዓ ቤት ነበረው፤ ጎረቤቱም ቤት ነበረው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን እንዳስታወቀው በሸገር ከተማ የፈረሱት ቤቶች ከ111 ሺህ በላይ ናቸው። የፈረሱት መስጊዶች ደግሞ በአሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። ለመስጊዶቹ ድምፃችንን አሰማን። ለቤቶቹስ ምን አልን? የአላህ ቤት ሲፈርስ ያመመን ሰዎች፣ የአላህ ባሪያ ቤት ሲፈርስ ለምን ዝም አልን?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ሁለት ታሪኮችን አጎራብተን እንመልከት። አንደኛው የመዲና ታሪክ ነው። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ ተነስቶ በቡራዩ፣ በሆለታ፣ በጊንጪና በአምቦ አድርጎ እስከ ሐሮ ወንጪ የሚዘልቀው መንገድ ታሪክ ነው።

የመስጊዱ መሬት ዋጋ

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እ.ኤ.አ. በ622 መዲና ሲገቡ በከተማዋ የራሳቸው ቤት አልነበራቸውም። አብረዋቸው የተሰደዱት ሙሃጂሮችም መካ ላይ ቤታቸውን ጥለው፣ አንዳንዶቹም ተነጥቀው የመጡ ናቸው። እንግዲህ የመጀመሪያው የሙስሊሞች ከተማ ታሪክ የሚጀምረው ቤት በሌላቸው ሰዎች ነው ማለት ነው።

ግመላቸው የተንበረከከችበት ቦታ የተምር ማስጫ ነበር። ባለቤቶቹ ሰህልና ሱሀይል የሚባሉ ሁለት የቲም ልጆች ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ሊሠሩበት ዋጋውን ጠየቁ። ልጆቹ በነጻ እንስጥ ቢሉም በነጻ አልቀበልም ብለው ገዙት። ዋጋው 10 ዲናር እንደነበረና ገንዘቡ ከአቡበክር (ረ.ዐ.) እንደተከፈለ የታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ።

እስቲ ነገሩን ቆም ብለን እናስተውል። ገዢው የአላህ መልእክተኛ ናቸው። የሚሠራው መስጊድ ነው። ሻጮቹ አባት የሌላቸው ሕፃናት ናቸው። በዛሬ አነጋገር «ለሕዝብ ጥቅም» ተብሎ የሚወሰድ መሬት ቢኖር ከዚያ የበለጠ የሕዝብ ጥቅም ከየት ይገኛል? ከእነዚያስ ባለይዞታዎች የበለጠ አቅመ ደካማ ከየት ይመጣል? ሆኖም ዋጋው ተከፈለ። የእስልምና የመጀመሪያው ታላቅ መስጊድ የተመሠረተው የደካማ ሰው ሐቅ ባልተነካበት መሬት ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውም ከዚህ አያንስም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እስኪሠራላቸው ድረስ በአቡ አዩብ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ.) ቤት ተቀመጡ። አንሷሮች ሙሃጂሮችን በየቤታቸው አስገቡ፤ ትርፍ መሬታቸውንም ለረሱል አስረከቡ። እሳቸውም ባለቤት ከሌለው መሬትና አንሷሮች ከሰጡት ላይ እየለዩ ለሙሃጂሮች የቤት መሥሪያ ቦታ ደለደሉ። እኛ በምንናገርበት ቋንቋ «ቦታ መሩ» ማለት ነው። ቤትም ዘመድም ላጡት ደግሞ በመስጊዱ ጀርባ ሱፋ የተባለው ጥላ ያለው ስፍራ ተዘጋጀላቸው። ከተማዋ ስደተኛውን ያስተናገደችው አስቀድማ ቦታ በማዘጋጀት ነበር።

ዑመርና የዐባስ ቤት

ዓመታት አለፉ፤ ሕዝቡ በዛ፤ መስጊዱ ጠበበ። በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ ግድም ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) መስጊዱን ለማስፋት በዙሪያው ያሉ ቤቶችን ገዙ። የነቢዩ አጎት ዐባስ (ረ.ዐ.) ግን ቤቴን አልሸጥም አሉ። ዑመር ሦስት ምርጫ አቀረቡላቸው፦ በዋጋ መሸጥ፣ በምትኩ በሌላ ቦታ ቤት መቀበል፣ ወይም ለሙስሊሞች ሶደቃ አድርጎ መስጠት። ዐባስ ሦስቱንም አልተቀበሉም።

ኸሊፋው ምን አደረጉ? አፍራሽ አላኩም። ሁለቱም ኡበይ ኢብኑ ከዕብ (ረ.ዐ.) ዘንድ ለፍርድ ቀረቡ። ኡበይ የነቢዩ ዳውድን (ዐ.ሰ.) ታሪክ አወሱ። ዳውድ የአላህን ቤት እንዲሠሩ በታዘዙ ጊዜ ፕላኑ የአንድ ሰውን ቤት ነካ፤ ሰውየው አልሸጥም አለ፤ ዳውድ በግድ ለመውሰድ አሰቡ። አላህም በቤቴ ውስጥ የቅሚያ ነገር ልታስገባ ነውን ብሎ ገሠጻቸው። ኡበይም በዚሁ ታሪክ መሠረት ፍርዱን ከባለቤቱ ጎን አደረጉ። ዑመር ይህን የሰሙ ሌሎች ሰሐቦች እንዳሉ አጣርተው ፍርዱን ተቀበሉ። ኸሊፋው ከተረቱ በኋላ ዐባስ ቤቱን በገዛ ፈቃዳቸው ለሙስሊሞች ሰጡ። ዑመርም ከበይቱል ማል ሌላ ቤት አሠሩላቸው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ታሪክ በየመድረኩ የዑመርን ፍትሕ ለማወደስ ይነገራል። እኛ ግን ቅደም ተከተሉን እንያዝ፦ ምርጫ ቀረበ፣ ገለልተኛ ዳኛ ፈረደ፣ ባለሥልጣን ተረታ፣ ባለቤቱ ተስማማ፣ ምትክ ቤት ተሠራ። ቤቱ የተነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እስልምና የከተማ ፕላን ጠላት ነው እንዴ የሚል ቢኖር ኩፋን ያስታውስ። ኩፋ በዚያው በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ ስትቆረቆር ዋና ዋና መንገዶቿ 40 ክንድ፣ ቀጥሎ ያሉት 30 እና 20 ክንድ፣ መተላለፊያዎቿም 7 ክንድ እንዲሆኑ ተለክቷል። በመጀመሪያ ሰዎች በሸምበቆ ሠርተው ነበር፤ እሳት ሲበላው በጡብ ለመሥራት ፈቃድ ጠየቁ። ዑመር ፈቀዱ፤ ነገር ግን ማንም ከሦስት ክፍል በላይ እንዳይሠራ፣ በከፍታም እንዳይፎካከሩ አዘዙ። ለየጎሳው ሰፈሩ ተደልድሎለት ስለነበር ቤቱን ሌሊት ተደብቆ የሚሠራ አልነበረም። ፕላን ነበረ፤ ድሀውም በፕላኑ ውስጥ ቦታ ነበረው።

እኛ አገር ባለመሬቱ ማን ነበር?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። «ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የሚለው አነጋገር በብዙዎቻችን ጆሮ አለ። በሰሜኑ ደጋ በብዙ አካባቢ ሙስሊሙ ርስት አይተከልለትም ነበር። ሽመና፣ ንግድና እደ ጥበብ የሙስሊም ሥራ ሆነው የቆዩት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መሬት የሌለው ሰው በእጁ ሙያ ያድራል፤ ቤቱም የኪራይ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ የተደረገው ታላቁ የሙስሊሞች ሰልፍ የተነሳው ከዚህ ብሶት ጭምር ነው።

ይህ ዕጣ ግን የሙስሊሙ ብቻ አልነበረም። በምዕራብ ሸዋ ከሆለታ እስከ አምቦና ጉደር ያለው አብዛኛው የኦሮሞ ገበሬ በአባቶቹ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ነበር። ያረሰውን ለባለመሬት እያካፈለ፣ ውጣ ሲባል እየወጣ ኖሯል። ሸማኔውና ጭሰኛው በሃይማኖት ቢለያዩም ሁለቱም የሰው መሬት ላይ ያሉ ነበሩ።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ፤ ጭሰኝነት ቀረ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ያለው ትርፉን ተወረሰ። ለመኖሪያ የሚያዘው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተደረገ። ኪራይ ተቀነሰ፤ እስከ 100 ብር የሚከራየው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ተላለፈ። ብዙ ድሀ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባለቤት ቁጣ የተጠበቀ ጣሪያ አገኘ፤ ይህን መካድ አይገባም።

ይሁን እንጂ አዋጁ የነበረውን አከፋፈለ እንጂ አዲስ ቤት አላመጣም። የግለሰብ ቤት ማከራየት ተከለከለ፤ ስለዚህ ለማከራየት የሚሠራ ጠፋ። የቀበሌ ቤቶች ጣሪያቸው ዛገ፣ ግድግዳቸው ዘመመ። ልጅ አድጎ ሲያገባ በዚያው ቤት መጋረጃ ጋርዶ ተቀመጠ። ከገጠር የመጣው ዘመድ ደባል ሆነ። ሕዝቡ በዛ፤ ቤቱ ግን ያው ነበር።

በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታን ወደ ሊዝ አስገባ። አዋጁ በ1994 እና በ2004 ቢሻሻልም ዋናው ሐሳብ ቀጠለ፦ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ግለሰብ በሊዝ ይይዘዋል፤ በዋነኛነትም በጨረታ ይገኛል። ጨረታ ማለት የበለጠ ያለው ያሸንፋል ማለት ነው። የቀን ሠራተኛዋ፣ ዘበኛው፣ ጉልት ላይ የምትሸጠው እናት ከየትኛው ባለሀብት ጋር ይጫረታሉ? ለነዚህ ሰዎች የታሰበው የጋራ መኖሪያ ቤት ነበር። ግንባታው ከ1997 ወዲህ በስፋት ተካሄደ፤ ብዙዎችንም ባለቤት አደረገ። ሆኖም በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ምዝገባ ብቻ ከ800 ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቦ አብዛኛው ዓመታት ጠበቀ። በየወሩ እየቆጠበ፣ በየወሩ ኪራይ እየጨመረበት፣ ልጅ እየወለደ ጠበቀ። የክልል ከተሞች ነዋሪ ደግሞ ይህንንም ዕድል በመጠኑ ብቻ ነው ያገኘው።

የጨረቃ ቤት እንዴት ይወለዳል?

ዳግማዊ ምኒልክ የማገዶና የግንባታ እንጨት ስላነሳቸው ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። የባሕር ዛፍ መምጣት ሐሳቡን አስቀረው፤ አዲስ አበባ በቦታዋ ጸናች። አዲስ ዓለም ዛሬ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምናልፋት ከተማ ናት። ያ አዲስ አበባን ያጸና ባሕር ዛፍ ዛሬ አጣና ሆኖ የጨረቃ ቤት ምሰሶ ነው።

የጨረቃ ቤት የሚለውን ስም ያወጣው ሕዝቡ ነው። ቀን ደንብ አስከባሪ አለ፤ ስለዚህ ሥራው ሌሊት በጨረቃ ይሠራል። አጣና ይተከላል፣ ማገር ይመታል፣ ቆርቆሮ ይደረጋል። ሊነጋ ሲል እናትየው ልጆቿን ይዛ ትገባለች። ሰው ያደረበት ቤት እንደ ባዶ ቤት በቀላሉ አይፈርስምና ነው። ጭቃው የሚመረገው ከዚያ በኋላ ነው። ውኃ በጀሪካን ይገዛል፤ መብራት ከጎረቤት ይሳባል። ጥቂት ቆይቶ እድር ይቋቋማል። ሙስሊሞቹ ገንዘብ አዋጥተው መስጊድ ይሠራሉ፤ ክርስቲያኖቹም እንዲሁ ቤተ እምነታቸውን ያቆማሉ። መንደሩ ካርታ ከሌለው መስጊዱም ካርታ አይኖረውም። የሸገር መስጊዶች ጉዳይ ሥሩ እዚህ ነው።

መሬቱን የሚሸጠው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ በከተማው ዳር ያለው አርሶ አደር ነው። ለምን ይሸጣል? ምክንያቱን ብንረዳ ለመፍረድ አንቸኩልም። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት መሬቱ ለልማት ሲወሰድ አርሶ አደሩ በቋሚነት ሲፈናቀል የሚያገኘው ካሳ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን ወደ 15 አሳደገው። ስሌቱ የሚነሳው መሬቱ ከሚያበቅለው ጤፍና ስንዴ ነው እንጂ መሬቱ በጨረታ ከሚያወጣው ዋጋ አይደለም። አርሶ አደሩ የጎረቤቱ እርሻ ተወስዶ በሌላው ቀን በካሬ ሜትር ሲሸጥ አይቷል። የካሳው ብር አልቆ ያ ጎረቤት በቀድሞ ማሳው ላይ በቆመ ሕንፃ ዘበኛ ሲሆንም አይቷል። ስለዚህ «ከሚወስዱብኝ ልሽጠው» ይላል። ሕጉ መሬት መሸጥን ስለሚከለክል ውሉ የብድር ወይም የስጦታ ስም ይሰጠዋል። ደላላው ከሁለቱም ይወስዳል። አንዳንድ ሹምም አላየሁም ብሎ ይወስዳል። ገዢው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ከፍሎ ከወረቀት በቀር ምንም አይይዝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። በገዢውና በሻጩ መካከል ጠላትነት አለ ብለው የሚያስቡ አሉ። የመፈናቀል ፍርሃት ግን የሁለቱም ነው። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን አንድ ላይ የሚያቅደው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ይፋ ሲሆን በሚያዝያ 2006 በአምቦ ተማሪዎች ተቃውሞ ወጡ፤ የብዙ ወጣቶች ሕይወት ጠፋ። በኅዳር 2008 ደግሞ በዚያው መንገድ ላይ በምትገኘው ጊንጪ ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸው ሜዳና የጭልሞ ደን ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ብለው ተነሱ። እሳቱ ኦሮሚያን አዳረሰ። ማስተር ፕላኑ በጥር 2008 ተሰረዘ፤ የአገሪቱ ፖለቲካም ከዚያ በኋላ እንደቀድሞው አልሆነም። የአምቦና የጊንጪ ልጆች ጥያቄ ከተጨመቀ አንድ ነው፦ መሬታችን ላይ ነገ እንኖራለን ወይ?

ከአምቦ ዳገቱን ይዘን ስንወጣ ሐሮ ወንጪ በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቀናል። ሐሮ በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። በዳገቱ ላይ ገብስና እንሰት ይመረታል። በ2012 ዓ.ም. ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ታቀፈ፤ በ2014 ደግሞ የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ ሰየመው። መልካም ነው። ነገር ግን የመንገዱን ታሪክ ከቡራዩ ጀምሮ የተከታተለ ሰው አንድ ሕግ ያውቃል፦ አስፋልት በደረሰበት ሁሉ መሬት ዋጋ ያወጣል፤ መሬት ዋጋ ባወጣበት ሁሉ ወረቀት የሌለው ሰው ቦታው ይጠበዋል። ሐሮ ወንጪን የመሰሉ ቦታዎች ገና በጧቱ ባለይዞታው ተመዝግቦ፣ ለሠራተኛውና ለወጣቱ የቤት ቦታ ተለይቶ ካልተቀመጠ፣ ነገ እዚያም በጨረቃ የሚሠራ ቤት ይበቅላል። ከዚያም የሚያፈርሰው ይመጣል።

ፈራሹና አፍራሹ

በየካቲት 2011 በለገጣፎ ለገዳዲ ከ12 ሺህ በላይ ቤቶች ሕገ ወጥ ተብለው እንዲፈርሱ ታቅዶ ማፍረሱ ሲጀመር ያለቀሱትን እናቶች አይተናል። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ገላንንና ለገጣፎ ለገዳዲን ያጠቃለለው የሸገር ከተማ ሲመሠረት ደግሞ ነገሩ በብዙ እጥፍ ጨመረ። ቡራዩ ቀድሞ በምዕራብ ሸዋ ሥር የነበረ፣ የአምቦ መንገድ የመጀመሪያው ከተማ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ ጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ተሻግሯል።

የአገሪቱ ሕግ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ሰዎች ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በአንቀጽ 90 ደግሞ አቅም በፈቀደ መጠን የመኖሪያ ቤትን ከሚሟሉ ማኅበራዊ አገልግሎቶች መካከል ይቆጥረዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳንም በቂ መኖሪያ የማግኘትን መብት ያውቃል። ቃል ኪዳኑን የሚከታተለው ኮሚቴ ማንም ሰው በማፍረስ ምክንያት ሜዳ ላይ መቅረት እንደሌለበት በግልጽ አስቀምጧል፤ ሕጋዊ ወረቀት የሌለውም ቢሆን።

የሸሪዓችንስ ሚዛን? ሚዛኑ ሁለት ጎን አለው። በአንድ በኩል አንድ ስንዝር መሬት እንኳ በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ሰባት ምድር በአንገቱ እንደሚጠለቅበት ቡኻሪና ሙስሊም ባስተላለፉት ሐዲስ ተነግሯል። በሰው መሬት ላይ በግፍ ለተከለ ሰው ተክሉ መብት እንደማይሰጠውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ስለዚህ የሕዝብ መናፈሻን፣ የትምህርት ቤት ሜዳን፣ የሌላ ሰውን ይዞታ አጥሮ «ድሀ ነኝ» ማለት አይቻልም። አንዱን ቦታ ለሦስት ሰው የሚሸጠው ደላላ፣ ቤት እያለው አምስት የጨረቃ ቤት ሠርቶ የሚነግደውም የዚህ ሐዲስ ተጠያቂ ነው።

በሌላው በኩል ሙት መሬትን ሕያው ያደረገ ሰው ባለቤቱ እንደሚሆን በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ሐዲስ ተላልፏል። ዑመር (ረ.ዐ.) ደግሞ መሬት አጥሮ ሦስት ዓመት ሳያለማው የቆየ ሰው መብቱ እንደሚቀር መወሰናቸው ይወሳል። በከተሞቻችን ታጥሮ ዓመታት የተቀመጠ፣ ሣር የበቀለበት ቦታ ስንት ነው? የባለጸጋው አጥር ለዓመታት ሲታገሥ የድሀው ጭቃ ቤት በአንድ ጧት ከፈረሰ ሚዛኑ ተዛብቷል።

በሱረቱል በቀራህ 84ኛውና 85ኛው አንቀጾች ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ከበኒ ኢስራኢል የያዘው ቃል ኪዳን ተወስቷል፦ እርስ በርስ ከቤት ላለማፈናቀል። እነሱ ግን ወገናቸውን ከቤቱ ያስወጡና ተማርኮ ሲመጣ ቤዛ ይከፍሉለት ነበር። ከመጽሐፉ ከፊሉን አምኖ ከፊሉን መካድ ተብሎ የተወቀሰው ይህ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ለተፈናቃይ ብርድ ልብስ ማከፋፈል መልካም ሥራ ነው። ሲፈናቀል ዝም ብሎ በኋላ ብርድ ልብስ ይዞ መድረስ ግን የዚያን ወቀሳ ጥላ ያጠላብናል። በሱረቱል ሐጅ 40ኛው አንቀጽ ደግሞ ያለ ሐቅ ከቤታቸው የተባረሩ ሰዎች አስቀድመው ተጠቅሰው የገዳማት፣ የቤተ ክርስቲያናት፣ የምኩራቦችና የመስጊዶች መፍረስ የተወሳው በዚያው አንቀጽ ነው። ቁርአኑ የሰውን ቤትና የአምልኮን ቤት አልነጣጠለም። እኛ ለምን ነጣጠልናቸው?

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

መንግሥት የሚጠየቅበት የታወቀ ነው፦ ከማፍረስ በፊት ማስታወቂያ፣ ገለልተኛ ዳኛ፣ ምትክ ቦታ፣ ለድሀው በጨረታ ሳይሆን በምሪት የሚሰጥ መሬት። ይህ በሰላምና በሕግ መጠየቅ አለበት። ሲጠየቅም ለመስጊዱ ብቻ ሳይሆን ለመንደሩ ሁሉ፣ ለሙስሊሙ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤቱም ሊሆን ይገባል።

ነገር ግን በእጃችን ያለም አለ።

አንደኛ፣ ከእኛ ውስጥ አከራዮች ብዙ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሕጉ ባይደርስባችሁም አላህ ያያል። ተከራይን በረመዷን ዋዜማ «ልጨምር ወይም ልቀቅ» የሚል ሰው ቤት ለማፍረስ ዶዘር አላስፈለገውም።

ሁለተኛ፣ ወቅፍ። ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) ቤቶቻቸውን ወቅፍ አድርገው ከሴት ልጆቻቸው የተፈታችው ሳትጎዳና ሳትጎዳ እንድትኖርበት መተዋቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። በካይሮ በ684 ዓመተ ሂጅራ የሱልጣን በይበርስ ልጅ ባሏ የሞተባቸውና የተፈቱ ሴቶች የሚኖሩበት ሪባጥ አቁማ ነበር። በእኛም አገር ወቅፍ በሐረር የቆየ ባህል ነው። ዛሬ አንድ ሀብታም ሙስሊም ሦስተኛ ሕንፃውን ሲያቆም አንዱን ፎቅ ለመበለቶች ወቅፍ ቢያደርግ ምን ይጎድልበታል? የመስጊድ ኮሚቴዎቻችንስ ለሚናራ ማስረዘሚያ የሚሰበስቡትን ያህል ለአንድ የቲም ቤተሰብ ጣሪያ ሰብስበው ያውቃሉ?

ሦስተኛ፣ አዲስ መስጊድ ስንሠራ ከሁለቱ የቲሞች መሬት እንማር። መሬቱ ከማን ተገዛ? ሻጩ ሐቁን አግኝቷል? ሰነዱ ተሟልቷል? ባለሥልጣናት ለሙስሊሙ ቦታ ሲነፍጉ ማመልከቻው በጽሑፍ፣ መልሱም በጽሑፍ ተይዟል? ይህ ጥንቃቄ ነገ ለሚመጣው ዶዘር መልስ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የሱንና መንገድ ነው።

አራተኛ፣ ቦታ ለመግዛት ለምትጣደፉ ወንድሞችና እህቶች፦ የደላላ ቃል ካርታ አይደለም። የልጆቻችሁን ጉሮሮ ዘግታችሁ ያጠራቀማችሁትን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፣ አስጠይቁ። ሕግ የሚያውቁ ወጣቶቻችን በየመስጊዱ በሳምንት አንድ ቀን ተቀምጠው ይህን ቢያስረዱ ታላቅ ሶደቃ ነው።

በሱረቱን ነሕል 80ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ቤትን የመርጊያ ስፍራ አድርጎ መስጠቱን ከጸጋዎቹ ቆጥሮታል። መርጋት ማለት ነገ እዚሁ እንደምትነቃ አውቀህ መተኛት ነው። በከተሞቻችን ዳር ይህን ጸጋ አጥቶ፣ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበት የሚያድር ቤተሰብ አለ። መዲና ስደተኛውን ስትቀበል ሀብታም አልነበረችም። ትርፍ መሬቱን የሚለቅ አንሷር፣ በደካማ ሐቅ ላይ የማይቆም መሪ፣ ኸሊፋን የሚረታ ዳኛ ግን ነበራት።

አላህ (ሱ.ወ.) ቤት ለሌላቸው ቤት፣ ለተፈናቀሉት መመለሻ ይስጣቸው። የሹሞቻችንን ልብ ለፍትሕ ያራራ፤ የሀብታሞቻችንን እጅ ይፍታ፤ እኛንም የጎረቤታችን ቤት ሲፈርስ ከሚያማቸው ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።